ሰርቪስ የሚሉት ነገር

ጋሼ መኮንን ማረፋቸውን የሰማሁት ከሥራ ስወጣ ነው። ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው፤ ቂም ላለበትም ሰው ግዴታ ነው። በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ እዚሁ ባሕር ዳር እየኖርሁ ለብዙ ዘመን ዞሬ ሳልፈው በነበረው የብረት በር ገባሁ።

ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶታል። እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ጓሮ ዞር ስል ሽታው አገኘኝ። የረጠበ ሲሚንቶ፣ ላምባ፣ ቁራጭ ሳሙና፤ ከዚያ ሁሉ ኋላ ደግሞ ነፋስ ከሐይቁ ዳር የሚያመጣው የበሰበሰ ደንገል። የሰርቪሱ በር ያው አረንጓዴ በር ነው። ቀለሙ ተላልጦ ከሥሩ ያለው ግራጫ ይታያል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ውሃ የምታስታጥበው ሴት «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ተናድጄ ነበር፤ ያውም ገና ማንም ምንም ሳይለኝ።

ተመልሼ ሳሎን ስገባ ግን ተባለ። የጋሼ መኮንን ባለቤት እትዬ የሺ ፍራሽ ላይ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉና ለጎረቤቶቻቸው አስተዋወቁኝ።

«ይቺ ማስተዋል ናት። ከቁንዝላ ድረስ አምጥቼ፣ እዚሁ ሰርቪስ ውስጥ አኑሬ፣ አስተምሬ ለዚህ ያበቃኋት ልጄ ናት።»

«እግዜር ይስጥሽ የሺ፤ ትልቅ ጽድቅ ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ወደ እኔ ዞራ «ጉልበታቸውን ሳሚያ» አለችኝ።

ለቅሶ ቤት ሰው አይከራከርም። ንፍሮዬን በእጄ ይዤ ተቀመጥሁ። በልቤ ግን ቃል በቃል እያረምኋቸው ነበር፤ ማረም ልማዴ ነው። «አምጥቼ» ያሉት ልክ አይደለም፤ ያመጣችኝ አበዙ ናት። «ልጄ» ያሉትን ልለፈው። «አስተምሬ» ያሉትን ግን ማለፍ አልችልም። ከተናገሩት ሁሉ ልክ የሆነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሰርቪስ። እሱም ቢሆን ስንቱን እንደሚይዝ አላወቁም።

ከነሐሴ እስከ ኅዳር እዚያ ቤት የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ። እሳቸውን አንቱ እያልሁ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ትልቅ ነው፤ አንቱታውን ለመንሳት የሚበቃ ግን አይደለም። አባቴ እንደዚያ አላሳደጉኝም።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። የሚያገለግሉባት ቤተ ክርስቲያን ከቁንዝላ ከተማ ራቅ ብላ፣ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ያለች ናት። ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማው ውስጥ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን የምትሄድበት አልነበረም። ስለዚህ ፊደልና መልእክተ ዮሐንስን ከአባቴ ጉልበት ሥር ቁጭ ብዬ ለየሁ። ማንበብ እችል ነበር። ትምህርት ቤት የሚባለውን ግን በዓይኔም አላየሁትም ነበር፤ ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነበር።

አበዙ የአገራችን ሰው ናት። እትዬ የሺ ቤት ለብዙ ዓመት ወጥ ቤት ሆና የኖረች፣ ጠንካራ፣ ተናጋሪ ሴት። እኔ እታለም እላታለሁ። በዚያ ዓመት ለፍልሰታ ጾም አገሯ መጥታ ሳለ አባቴን ቤት ድረስ መጥታ አነጋገረቻቸው።

«መሪጌታ፣ እመቤቴ ልጅ አምጪልኝ ብለውኛል። ከልጃቸው እኩል ትማራለች፣ ቤቱን ትንሽ ትንሽ ታግዛለች። ለመስከረም ያስመዘግቧታል።»

«ቃላቸው ነው?»

«ከአፋቸው ነው የሰማሁት።»

በጀልባ ተሻገርን። በነሐሴ ሐይቁ ቡናማ ነው፤ ማዕበሉ እንደ ክምር ይነሣል። እታለም ጉዞውን ሁሉ ስታስመልስ ዋለች። እኔ ግን የተገናኘሁትን መንገደኛ ሁሉ ልማር ነው የምሄደው እያልሁ ስነግር ነበር። አንድ በግ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ «ስትማሪ ምን ልትሆኚ ነው?» ቢለኝ «ተማሪ» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ያለ ነገር አልታየኝም።

ስንደርስ እታለም በጭለማው መሐል አረንጓዴውን በር ከፍታ «ይኸውልሽ፤ የምንኖርባት ሰርቪስ ይቺ ናት» አለችኝ። ቃሉን የሰማሁት ያኔ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ጋር የተጣበቀች አንዲት ክፍልና አንዲት ወጥ ቤት። መስኮቷ የጨርቅ መጋረጃ ነበረው፤ መስተዋት ግን አልነበረውም።

ጠዋት ደግሞ ከበሩ ውጪ ትልቅ ጥሩንባ ጮኸ። የእትዬ የሺ ልጅ ሚኪ ዳቦውን እያኘከ «ሰርቪስ መጣ» ብሎ ጮኸ፤ አባቱ ቦርሳቸውን ይዘው ሮጡ። ቀና ብዬ ባይ ሰማያዊ አውቶቡስ ነው፤ ጋሼ መኮንን ወደሚሠሩበት ፋብሪካ ሠራተኞች የሚያመላልስ። ትናንት ቤት የነበረው ዛሬ አውቶቡስ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ጋሼ መኮንን የራሳቸውን መኪና እያዩ «ሰርቪስ ላስደርጋት» አሉ። እትዬ የሺ ከሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ሰርግ ውለው ሲመለሱ «ምግቡ ደህና ነው፣ ሰርቪሳቸው ግን ያስጠላል» አሉ። አእምሮዬ ያልገባውን ነገር እንዲሁ መተው አይወድም። ሚኪ በአጥሩ ላይ ገመድ ወጥሮ ከጎረቤት ልጅ ጋር ቮሊቦል ሲጫወት ሄጄ ጠየቅሁት። በዕድሜ እኩያዬ ነው።

«ሚኪ፣ ሰርቪስ ማለት ምንድን ነው?»

«ባሱ ነዋ።»

«እኛ የምናድርበትስ?»

«እሱም ሰርቪስ ነው።»

«ጋሼ መኪናዋን የሚያስደርጓትስ?»

«እሱም። ምን ትነዘንዥኛለሽ? እንግሊዝኛ ነው። አገልግሎት ማለት ነው። በይ ዞር በይ፣ ሰርቪስ የኔ ነው።» ብሎ ኳሷን መታት።

አገልግሎት። ይህን ቃልማ አውቀዋለሁ። ያደግሁበት ነው።

አባቴ ዘንድ ዜማ ሊማሩ የሚመጡ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያኗ ዙሪያ በትንንሽ ጎጆ ይኖራሉ። አዲስ የመጣ ተማሪ ዕለቱን ወደ ትምህርት አይገባም። መጀመሪያ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የየኔታን መሬት ይኮተኩታል። የኔታ ዝም ብለው ያዩታል። ትዕግሥቱን፣ ታዛዥነቱን፣ ንጽሕናውን ያያሉ። አንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳይጠብቅ «ና ቁጭ በል» ይሉታል። ያኔ ይጀምራል። ያለ አገልግሎት የተማረ ሰው እኛ አገር አላየሁም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። እኛ የምናድርባት ክፍል የተማሪ ጎጆ ናት። ከትልቁ ቤት ጀርባ መሆኗም ትክክል ነው፤ የተማሪ ጎጆም ከየኔታ ቤት ጀርባ ነው። እትዬ የሺ እያዩኝ ነው። አገልግሎቴ ሲሞላ «ነይ ቁጭ በይ» ይሉኛል። ሞኝነት አልነበረም። ባየሁት ልክ አሰብሁ፤ ሌላ መለኪያ አልነበረኝም።

እንዴት እንደሠራሁ ዛሬ ሳስበው እጄ ይቃጠላል። ከቧንቧ ውሃ የሚቀዳው በጀሪካን ነው፤ ሁለት ቅጂ ብባል ሦስተኛውን ጨምሬ አመጣለሁ። ልብስ የምናጥበው ሐይቁ ዳር ወርደን ነበር። ድንጋዩ ላይ የጋሼን ሸሚዝ ኮሌታ በሳሙና ስፈትግ ክርኔ እስኪደነዝዝ ድረስ አልተውም። ይብራዎቹ ከአጠገባችን ይዋኛሉ፤ ቀና ብዬ አላያቸውም፤ የኔታ እያዩኝ ቀና ብዬ ወፍ ልመልከት? ድስት ቂጡ መስተዋት እስኪሆን በአሸዋ አሸዋለሁ። የሚኪን ጫማ ከሌላው ሁሉ አስበልጬ አጸዳለሁ፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ጫማ ነውና።

ግራ የሚያጋባኝ ራሱ ሚኪ ነበር። መስከረም ገባ፤ ፋብሪካው ለተማሪዎች የመደበው ሌላኛው አውቶቡስ በጠዋት መጥቶ ይወስደው ጀመር። እንጨት አልለቀመም። ውሃ አልቀዳም። የበላበትን ሳህን እንኳ እዚያው ትቶት ይነሣል። ይህ ልጅ ማንን አገልግሎ ነው የገባው? ምናልባት ድሮ፣ እኔ ሳልመጣ፣ ጨርሶ ይሆናል አልሁ። እንደዚያ ብዬ አመንሁ። ከዚያም አልፎ፣ ሳይታዘዝ ሳየው አዘንሁለት፤ የኔታ አንድ ቀን ያባርሩታል ብዬ።

እሱ ደግሞ ይቀልድብኛል። ቤተሰቡ ከድሬዳዋ የመጣ ነው፤ እኛ «ሄድሁ፣ ነገርሁ» ስንል ሁልጊዜ ያስቀዋል።

«ማስቱ፣ ቁርስ አቀረብሽ?»

«አቀረብሁ።»

«ሁ ሁ ሁ። ጉጉት ነሽ እንዴ?»

እትዬ የሺ ይስቃሉ። «ተዋት እንግዲህ፤ ስትማር ይለቃታል» ይላሉ። እኔ ከንግግሩ የምሰማው «ስትማር» የምትለዋን ነው።

መጀመሪያ «አዲስ ዓመት ይለፍ» ተባለ። ቀጥሎ «መስቀል ይለፍ» ተባለ። መስቀል አለፈ፤ ምዝገባው ሊዘጋ ነው ተባለ፤ «ዩኒፎርም ይሰፋላት» ተባለ፤ የሚሰፋ ጨርቅ ግን አልተገዛም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የታጠበ ድስት እንደገና በአሸዋ ሳሽ እታለም ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ድስት ጧት አጥበሽው የለም እንዴ?»

«አጥቤዋለሁ።»

«ታዲያ ማን ደስ ይበለው ብለሽ ነው የምትቦረቡሪው?»

«እትዬ እንዲያዩኝ ነው። አገልግሎቴ ሲሞላ ያስገቡኛል።»

እታለም ድስቱን ከእጄ ወሰደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«እዚህ ቤት የኔታ የለም፣ እናቴ» አለችኝ። «እዚህ ስትሠሪ ሥራ ነው የሚጨመርልሽ። የጋሼ መኪና እንኳ በየጊዜው ሰርቪስ ትደረጋለች፤ እኔን የሚያስደርገኝ ይኸው እስከ ዛሬ ጠፋ።»

ልትስቅ ብላ ነበር። አልሳቀችም። ወዲያው በሽርጧ እጇን ጠራርጋ ወደ ትልቁ ቤት ገባች። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሰማሁት።

«እትዬ፣ የመሪጌታን ልጅ ያመጣኋት ትማራለች ብለውኝ ነው።»

«ማን አትማርም አለ? አበዙ፣ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሆንም።»

«ምዝገባው እየተዘጋ ነው። ለሚኪ ሲሄዱ ስሟን አብረው ቢያስይዙ ምን ነበረበት?»

«ቤቱን ማን ይሠራዋል? አንቺ ራስሽ ወገቤን ትያለሽ።»

«እኔ ቁንዝላ ምን ፊት ይዤ ነው የምገባ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን።»

ለሚቀጥለው ዓመት። ያን ቀን ንዴት የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋወቅሁት። ከዚያ በፊት አለቅስ ነበር፣ አኮርፍ ነበር። ይሄ ሌላ ነው። ዓይኔ ደረቀ። ያመጣኋት ያቺ ሦስተኛ ጀሪካን ሁሉ ፊቴ ላይ ቆመች።

በጥቅምት መጨረሻ አባቴ ለጉዳይ ባሕር ዳር እንደሚሻገሩና እግረ መንገዳቸውን እንደሚያዩኝ ተላከብን። ያን ጊዜ እትዬ የሺ የሠሩትን ነው ለቅሶ ቤት ውስጥ ለሴቶቹ ሊነግሯቸው የሚገባ።

ሶስና የምትባል ታላቅ ልጃቸው ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። የእሷን የድሮ ዩኒፎርም ከሻንጣ አወጡ፤ ሰማያዊ ሹራብ፣ ግራጫ ጉርድ ቀሚስ፣ ሹራቡ ደረት ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ የተሰፋበት። ቀሚሱ ስለረዘመብኝ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ያዙልኝ። ጸጉሬን በእጃቸው አበጠሩልኝ። ጸጉሬን የነኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባትሽ ሲያይሽ ደስ ይበለው» አሉኝ። «ተማሪ መምሰል ምን ነውር አለው? ከርሞ ትገቢ የለም እንዴ? እየተማርኩ ነው በይው።»

ሹራቡ የእሳት ራት መድኃኒት ይሸት ነበር። ልብሱን ጠልቼው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ አልጠላሁትም። እጄን አርማው ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

አባቴ መጡ። ሎሚ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል፤ ነጭ ጥምጣማቸው ከጀልባው ውሃ ተረጭቶ ረጥቧል። ምንጣፉን እንዳይረግጡ እግራቸውን ሰብስበው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እትዬ የሺ ሻይ በትሪ ይዘው ቆሙ። እታለም በወጥ ቤቱ በር በኩል ቆመች።

«መሪጌታ፣ ይኸው ልጅዎ ተማሪ ሆናልዎታለች» አሉ እትዬ የሺ።

አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «ምን ደረስሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። የእኛ ተማሪ ከዓመት በኋላ ሲገናኝ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፤ ምን ደረስህ።

ያሰብሁትን አደረግሁ። ቀና ብዬ፣ ቃሌን ለይቼ ነገርኋቸው።

«አልጀመርሁም፣ አባባ። ትምህርት ቤቱን አላየሁትም። ውሃ እቀዳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ድስት አሻለሁ፣ ጫማ እወለውላለሁ። ይሄ ልብስ የኔ አይደለም፤ ዛሬ ነው የለበስሁት።»

እትዬ የሺ ቀልተው ነበር። እታለም ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። አሁን ነው አልሁ። አሁን አባቴ ይነሣሉ፤ ወይ ያስገቡኛል ወይ ይዘውኝ ይሄዳሉ።

አባቴ ፈገግ አሉ።

«እሰይ» አሉ። «እሰይ ልጄ። እንደዚያ ነው የሚጀመረው። እኔ ዜማ ልማር ስሄድ ክረምቱን ሙሉ እንጨት ሳመጣ ነው የከረምሁ። የኔታ አንድ ቃል አልተነፈሱኝም። አንዱን ቀን ና ቁጭ በል አሉኝ። ያን ክረምት ባላገለግል የተማርሁት ሁሉ ባልጸናብኝ።» ወደ እትዬ የሺ ዞሩ። «እመቤቴ፣ እኔስ የከተማ ትምህርት ይህን ትቶት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በሥርዐት ይዘውልኛል።»

እትዬ የሺ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የተናገሩትን ሲናገሩ ፊታቸው ወደ ቦታው ሲመለስ አየሁ።

«አዎ መሪጌታ» አሉ። «እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ አገልግሎት።»

«መሪጌታ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም» አለች እታለም።

«አበዙ፣ ስኳር አምጪ።»

እታለም አባቴን እስከ ጀልባው ሸኘቻቸው፤ በመንገድ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትመለስ የነገረችኝ ይኸው ነው፦ «አትቸኩዪ፣ አበዙ። ለተማሪ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። እመቤትሽ በፊቴ አረጋግጠውልኛል» አሏት። የእትዬን እጅ ባርከው ነው የሄዱ።

የእኔን ስህተት ነበር የተሳሳቱት፤ እኔ ያሰብሁትን ነበር ያሰቡት። ይህን እረዳለሁ። ግን እኔ ልጅ ነበርሁ። እኔ ስሳሳት ማንም ምንም አልነገረኝም ነበር፤ ለእሳቸው ግን በቃሌ ነገርኋቸው። እትዬ የሺ ደግሞ አባቴ የሚያከብሩትን ነገር፣ ዕድሜያቸውን የሰጡትን ነገር፣ እንደ ስኳሩ አንስተው ሻያቸው ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ ቀን ወዲያ የሠሩኝን ሁሉ ብተው ይህን አልተውላቸውም።

ዩኒፎርሙን መልሶ መውሰዱን እትዬ የሺ ረሱት። ሰርቪሷ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አደረ። ጠዋት ለበስሁት። እታለም ወገቡን በመርፌ ቁልፉ ያዘችልኝ። የተማሪዎቹ አውቶቡስ ሲመጣ ከሚኪ ኋላ ደረጃውን ወጣሁ።

«እሷ የኛ ሠራተኛ ናት» አለ ሚኪ ለሹፌሩ። ክፋት አልነበረውም፤ መረጃ እንደሚሰጥ ሰው ነው የተናገረ።

ሹፌሩ ዞሮ አየኝ። «የኔ እናት፣ ሰርቪሱ ለሠራተኛ ልጆች ነው» አለኝ።

ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብሁት። ሠራተኛ ነኝ። ልጅ ነኝ። የሠራተኛ ልጅ ግን አይደለሁም። ወረድሁ፤ በሩ ተዘጋ።

ከጭሱ ኋላ ሄድሁ። በዘንባባዎቹ መካከል፣ ጋሪና ባጃጅ እየሸሸሁ፣ ሰማያዊውን ጀርባ እስካጣው ሮጥሁ፤ ካጣሁት በኋላ ደግሞ ተመሳሳይ ሹራብ የለበሱትን ልጆች ተከተልሁ። ተሰልፈው የሚዘምሩት መሐል ገባሁ። ከሁሉም ከሚያጥሩት ጋር አንደኛ ክፍል ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። የጠመኔው አቧራ፣ የተቀባ ሰሌዳ፣ የብዙ ልጅ ራስ ሽታ። ወንበሩ ላይ ማንም ጀሪካን አምጪ አላለኝም። ዝም ብዬ እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አየሁት፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እጅ።

መምህርቷ ስም ስትጠራ የኔን አልጠራችም። አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ማስተዋል።»

«ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብቢልኝ።»

ተነሥቼ አባቴ እንዳስተማሩኝ፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ አድርጌ እንደ ዳዊት አነበብሁት። ስለ ላምና ጥጃ የተጻፈ ነገር ነበር። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ዝም በሉ» አለች መምህርቷ። «ምን ያስቃል? አንብባለች።» ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በቀስታ «ነገ ያሳዳጊሽን እጅ ይዘሽ ነይ። ቦታ እፈልግልሻለሁ» አለችኝ።

ያን መልእክት ይዤ ስሮጥ የተመለስሁበት መንገድ ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም። እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ነገርኋቸው። አልጮሁብኝም። አልመቱኝም። «ጥሩ» አሉ። «ልብሱ ቆሽሿል፤ አውልቂና እጠቢው።»

አጥቤ ገመዱ ላይ አሰጣሁት። በማግስቱ ጠዋት ገመዱ ባዶ ነበር። ሳሎን ስገባ እትዬ የሺ ባልዲና መወልወያ ጨርቅ አዘጋጅተው ቆመዋል። ጨርቁ ግራጫና ሰማያዊ ነበር፤ በመቀስ ተቆርጦ።

«አርጅቷል፤ ለማንም አይሆንም» አሉኝ። «ወለሉን ወልውይበት። ዛሬ እንግዳ አለብን።»

ወለወልሁ። ጎንበስ ብዬ ከሶፋው ሥር፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ አባቴ ከተቀመጡበት ሥር ሁሉ ወለወልሁ። የሹራቡ ደረት ወደ ላይ ሲገለበጥ አርማው ረጥቦ ይታያል፤ ገልብጬ ወለወልሁ። የኔታ የሚያዩኝ አልነበረም። ስለዚህ ጥጉን ሁሉ ዘለልሁት። በዚያ ቤት ሆን ብዬ አበላሽቼ የሠራሁት ሥራ እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

እታለም ጨርቁን ስታየው እጇ ላይ የነበረውን ቢላ አስቀመጠች። ታጠበች። የደህና ቀን ነጠላዋን ለበሰች። ለዚያ ሁሉ ዓመት የሚገባትን ሰርቪስ፣ የስንብት ገንዘቧን፣ ሰጥተው እንዲያሰናብቷት ስትጠይቃቸው እትዬ የሺ ከልባቸው ገርሟቸው «እሱ እኮ ለመሥሪያ ቤት ሰው ነው» አሏት። ሌላ ክርክር አላነሣችም። እኔን በእጄ ይዛ በአረንጓዴው በር ወጣን።

በኅዳር ሐይቁ ጠርቶ ሰማይ ይመስላል። ቁንዝላ ስንደርስ አባቴ ጀልባው የሚቆምበት ዳር ላይ ነበሩ፤ ለሌላ ሰው ነበር የመጡት። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ጨረስሽ እንዴ?» አሉኝ።

እታለም መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። እኔ እጇን ያዝሁት። በዚያች ቀን የመናገር ጉልበት አልነበረኝም፤ ዝምታ የጀመርሁትም ያኔ ነው። ትምህርት ቤት በስሜ የተመዘገብሁት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ከመምህሬ ትከሻ ከበለጥሁ በኋላ፣ እታለም በሰው ቤት ልብስ አጥባ ባገኘችው ገንዘብ። አስተማረኝ የሚል ሰው ካለ፣ ስሙ ይኼ ነው፤ አበዙ።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ሴትዮዋ አሁንም ጉልበታቸውን እንድስም እየጠበቀች ነው። ተነሥቼ እትዬ የሺ ፊት በርከክ አልሁ። ፊታቸው ከቅርብ ሲያዩት ትንሽ ነው።

«እትዬ» አልኋቸው፤ «የሶስናን ዩኒፎርም ያስታውሱታል?»

«የቱን፣ ልጄ?»

«ቆርጠው ወለል ያስወለወሉኝን።»

እትዬ የሺ አዩኝ። አስታውሰዋል፤ ዓይናቸው ለቅጽበት ወደ ሶፋው ሥር ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ እጄን መታ መታ አደረጉና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«አይ ማስቱ» አሉ። «ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ተጫዋች ናት።»

ሴቶቹ ለቅሶ ቤት የሚፈቅደውን ያህል ሳቁ። እኔ በሕይወቴ አንድም ቀን ተጫዋች ሆኜ አላውቅም። ጉልበታቸውን አልሳምሁም። ንፍሮውን ፍራሹ ጠርዝ ላይ አኑሬ ወጣሁ።

ከበሩ ውጪ የፋብሪካው አውቶቡስ ለቀስተኛ ሊመልስ ቆሟል። ቀለሙ አሁን ነጭ ነው። ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው፤ በሩን ይዞልኝ «እህቴ፣ ግቢ እንጂ። ሰርቪስ ነው፤ ለሁሉም ሰው ነው» አለኝ።

«በእግሬ እሄዳለሁ» አልሁት። «መንገዱን አውቀዋለሁ።»